በሬን ነፋስ ከጣለው ወዲህ፦ ከሐይቅ ዳር የሁለተኛ ዓመት ማስታወሻ

አምና በሬን ነፋስ ጣለብኝ። የሚያርሰውን በሬ ማለቴ አይደለም፤ በር ነው፣ ለቅርጻ ቅርጽነት ራሴ የበየድኩት የላሜራ በር። ሐይቅ ዳር ሣሩ ላይ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሬ አቆምኩት፤ ከኋላው ቤት የለም፣ ከጎኑ ግድግዳ የለም። ሐሳቡ በጣም ጥልቅ መስሎኝ ነበር። በቆመ በአምስተኛው ሰዓት በግንባሩ ተደፋ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአጠገቡ ሰው አልነበረም።

ለማታውቁኝ፦ የምኖረው ደሴ ነው፤ እንጀራዬ የሒሳብ መዝገብ ነው። ብየዳ የተማርኩት ከአንድ ጎረቤቴ የብረታ ብረት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ዝገት በብሩሽ ስፈገፍግ ነው ያሳለፍኩት። አራት ጓደኛሞች ነን፤ የሥዕል መምህር፣ አናጺ፣ ድንጋይ ጠራቢና እኔ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዘን፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቅርጻ ቅርጾቻችንን ለ12 ቀን ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ውኃ ዳር እናቆማለን፤ ከዚያ ነቅለን እንመለሳለን። ጥርን የመረጥነው ክረምቱን ለመሸሽ ብቻ አይደለም። ወሎ የበልግ አገር ነው፤ የካቲትን ካስገባን ዝናቡ ይደርስብናል።

ከዝናቡ ሸሽተን ከነፋሱ ጋር ተገናኘን። ጠዋት ስንተክል ቅጠል የሚያነቃንቅ አየር አልነበረም። ፀሐይ ስትበረታ ግን የብስ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፤ በላዩ ያለው አየር ቀሎ ሲወጣ ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛው አየር ወደ ዳር ይመጣል። የሐይቅ ሰው ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል። እኔ ከደሴ ጠዋት ደርሼ ከሰዓት በኋላ የምመለስ ሰው ስለሆንኩ፣ ነፋሱን ያወቅሁት በሬ ከወደቀ በኋላ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሒሳብ ሳልሠራ መትከሌ እስካሁን ያሳፍረኛል። ሒሳቡ ይህን ያህል የሚከብድ አልነበረም። የነፋሱን ፍጥነት በሰከንድ በሜትር ወስዳችሁ በራሱ አባዙት፤ የመጣውን በ0.6 አባዙት፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈውን ግፊት በኒውተን ታገኛላችሁ። በሰከንድ 20 ሜትር የሚጓዝ ኃይለኛ ነፋስ 240 ይሰጣል፤ በገበያ ቋንቋ 24 ኪሎ ማለት ነው። በሬ 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 1.8 ካሬ ሜትር ስለሆነ 43 ኪሎ ገደማ ይገፋዋል፤ ያውም ከመሬት 1.1 ሜትር ከፍ ብሎ። የእግሩ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ስለነበር ከመሐል እስከ ጠርዝ 30 ብቻ ነው። 43ን በ1.1 አባዝታችሁ ለ0.3 ስታካፍሉ 160 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ በሩ እንዳይወድቅ የሚያስፈልገው ክብደት ይህ ነው። የእኔ በር ከነእግሩ 70 ኪሎ አይሞላም ነበር። ነፋሱ በእጥፍ ሲፈጥን ግፊቱ አራት እጥፍ እንደሚሆንም አትርሱ።

ወዲያው የታየኝ ክብደት መጨመር ነበር። ጎረቤቴ፣ የብየዳ መምህሬ፣ ወረቀቱን አየት አድርጎ «እግሩን ለምን አታሰፋውም?» አለኝ። እግሩ 1.2 ሜትር ቢሆን የሚያስፈልገው ክብደት ወደ 80 ኪሎ ይወርዳል። አንድ ሜትር የማይሞላ ቱቦላሬ የ80 ኪሎ ብረት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የበሩን ገጽ ስቀባና ስፍቅ ከርሜ እግሩን ለአንዲት ቀን እንኳ አስቤበት አላውቅም ነበር።

እግሩ ሰፋ፤ ቀሪው ክብደት ከየት ይምጣ? መሬት ቆፍሮ አርማታ ማፍሰስ አይፈቀድልንም፤ ቢፈቀድልንም አናደርገውም። መልሱ በየቀኑ የምናልፈው መንገድ ዳር ነበር። ወሎ ውስጥ ቦረቦር ባለበት ሁሉ ጋቢዮን አለ፤ ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ቅርጫት። በሁሉም ጎን 40 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ትናንሽ ቅርጫቶች ሠራሁ። አንዱ በድንጋይ ሲሞላ 100 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ባዶውን ግን አጣጥፌ በባጃጅ ወሰድኩት። ክብደቱን እዚያው ለቀምነው። ድንጋይ ጠራቢው ጓደኛችን አሞላሉን አሳየን፦ ጠፍጣፋ ፊት ያለው ወደ ውጭ፣ ጥቃቅኑ ወደ መሐል፣ እያንዳንዱ ድንጋይ በእጅ ተነቃንቆ እስኪጠብቅ ድረስ። እንደ ቆሻሻ ገልብጣችሁ ከሞላችሁት በማግስቱ ሆዱ ይነፋል። ትንሽ የከነከነኝ ብዙ ጎብኚ ከበሩ ይልቅ ቅርጫቶቹን ማድነቁ ነው።

ሌላው ለውጥ በሩ እንዲዞር ማድረጌ ነው። አምና በፍሬሙ ላይ በይጄው ስለነበር የነፋሱን ግፊት ሁሉ ቆሞ ተቀበለው። ዘንድሮ ማጠፊያውን ትቼ ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ የወጣ፣ በቀላሉ የሚሽከረከር ኩሽኔታ ገጠምኩለት፤ ነፋስ ሲመጣ በሩ ይከፈትና ጠርዙን ይሰጠዋል። በኃይል ተወርውሮ ልጅ እንዳይመታ የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ በዘንጉ ዙሪያ አጥብቄ አሰርኩ፤ አሁን እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ስለ ልጆች ካነሳሁ አይቀር አንድ ቁጥር ያዙልኝ። በሥራችሁ ላይ የምትተዉት ማንኛውም ክፍተት ወይ ከ9 ሳንቲ ሜትር በታች ወይ ከ23 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሁን። በመሐሉ ያለው የሕፃን ሰውነት አስገብቶ ጭንቅላቱን የሚይዝ ነው፤ የመጫወቻ ቦታ ሠሪዎች የሚከተሉት ልክ ነው። አናጺው ጓደኛችን ይህን ስነግረው ያለቀ ሥራውን ፈትቶ እንደገና ገጣጠመው። ለሁለት ቀን አኩርፎኝ ነበር።

አንድ ሌላ ስሕተት ልናዘዝ። ከበሩ በላይ የሚሆን ክዳን ከጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ ስበይድ ሽፋኑን ሳልፍቅ፣ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሠራሁ። ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ አጥንቴን ቆረጣጠመኝ፣ አፌ ሳንቲም የላስኩ ያህል መረረኝ። ወባ ነው ብዬ ነበር፤ ጠዋት ደህና ሆኜ ተነሣሁ። ቆርቆሮው ላይ የተለበጠው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ነው እንዲህ የሚያደርገው። በየብየዳ ቤቱ «ወተት ጠጣ» ይባላል፤ ወተቱን ጠጡ፣ ግን ሽፋኑን በመሞረጃ ፍቃችሁ፣ ደጅ ወጥታችሁ፣ ነፋሱን በጎን አድርጋችሁ በይዱ።

ፈቃድ ለመጠየቅ ስንሄድ ያነጋገረን ኃላፊ የሥራዎቹን ፎቶ ገና ሳያይ «እስከ መቼ ነው የሚቆየው?» አለን። አምና ይህ ጥያቄ አናድዶኝ ነበር፤ ዘንድሮ የሚነቀልበትን ቀን በደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፍነውና ነገሩ በአንድ ጠዋት አለቀ። ስጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዝ አገር ክሮዝቢ የባሕር ዳርቻ ላይ የቀራጺው የአንቶኒ ጎርምሊ 100 የብረት ሰዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ለጊዜው ተብለው ቆሙ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። በተቃራኒው ክሪስቶ የተባለው አርቲስት በዚያው አቆጣጠር በ2016 ጣሊያን ኢሴዎ ሐይቅ ላይ ሰው የሚራመድበት፣ በቢጫ ጨርቅ የተሸፈነ ተንሳፋፊ መንገድ ዘረጋና በ16 ቀን አነሣው። እኔ የክሪስቶ ወገን ነኝ። ሰው ቶሎ እንደሚነሣ ሲያውቅ «ዛሬ ካላየሁት» ብሎ የዕለት ሥራውን ገታ አድርጎ ይመጣል። ቋሚ ሐውልትን ግን ደሴ ውስጥ ስንቶቻችን ነን ቀና ብለን የምናየው?

«ሐውልት» ካልኩ ዘንድ፣ በ12ቱ ቀን ውስጥ ከሁሉ በላይ የተጠየቅነው ጥያቄ «የማን ነው?» የሚል ነው። በቋንቋችን የቆመ ነገር ሁሉ የሞተ ሰው አለው። የሥዕል መምህሩ «ቅርጻ ቅርጽ ነው» እያለ ቢያስረዳም ሰዉ ራሱን ነቅንቆ «እሺ፣ ግን የማን?» ይላል። በአካባቢያችን የሰው ምስል ለብቻው ማቆም ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የሚከብድ ነገር አለው። ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ የሰው ቁመት ያላቸው ቅዱሳን ተቀርጸዋል፤ እነርሱም ቢሆኑ ከግድግዳው አልተለዩም። ከቆምንበት ወዲያ ማዶ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይታያል፤ የጁምዓ ሰላት የጨረሱ አባቶችም በእኛ በኩል ያልፋሉ። አራታችንም የሰው ቅርጽ ላለመሥራት የተስማማነው ማንም ከልክሎን ሳይሆን፣ ሰው ሳይሸማቀቅ ቀርቦ እንዲነካው ፈልገን ነው። በር ማንንም አላስቀየመም። ሴቶች በውስጡ እያለፉ «ቤቶች!» ብለው ይስቁ ነበር።

ጉድለቶቹን ባጭሩ፦ ጸረ ዝገት ቀለሙን የብየዳው መስመር ላይ በስሱ ቀብቼው ኖሮ በሰባተኛው ቀን ዝገቱ ወጣ፤ የአንዲት እናት ነጠላ ላይም ቀለሙን ተወ፤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ኩሽኔታው ደግሞ ግራሶ ጨርሶ መጮህ ጀመረ። ልቀባው ስል ልጆቹ «ተወው፣ ይናገር!» አሉኝና ተውኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስንነቅል በየቀኑ ጀልባቸውን አስረው በአጠገባችን የሚያልፉ አንድ ዓሣ አስጋሪ መጡ። የመጀመሪያ ቀን «የማን ሐውልት ነው?» ያሉን እሳቸው ነበሩ። በሩ ተጋድሞ፣ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ወደ ዳሩ ሲመለሱ ቆመው አዩ። ከቅርጫቶቹ ሥር ሣሩ ቢጫ አራት ማዕዘን ሆኗል።

«በሩን ልትወስዱት ነው፣ ልጄ?»

«አዎ አባባ። ይፈልጉት ነበር?»

«በሩ ምን ያደርግልኛል? ይቺን ቅርጫት ግን ብትተዉልኝ ድንጋይ ሞልቼ ጀልባዬን አስርባታለሁ።»

ደብዳቤያችን «ምንም ሳንተው እናነሣለን» ይላል። አራታችን ተያየንና አንዷን ሰጠናቸው። ለከርሞ ሌላ መሥራት አለብኝ፤ ሽቦው የ3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ የ2ቱ ጠርዙ ላይ ተወላግዷል።