በቁሜ አትገንዙኝ

ደብረ ብርሃን ከተፈናቀሉ እናቶች ጋ ነው የምሰራው፣ የስነ ልቦና ድጋፍ ላይ። ይሄን የምጽፈው ታሪኩ የሳቸው የሆነውን እናት አስፈቅጄ ነው፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

ቦዲ ማፒንግ የሚባል ስራ አለ፣ ትልቅ ወረቀት መሬት ላይ ይነጠፋል፣ አንዷ ትተኛበታለች፣ ሌላዋ ዙሪያዋን በማርከር ታሰምራለች፣ ከዛ ህመምም ይሁን ጉልበት የሚሰማትን ቦታ በቀለም ትሞላለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ኬፕ ታውን ካየሊሻ የሚባል ሰፈር ውስጥ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ታሪካቸውን የሳሉበት መንገድ ነው። እኛም ፍሊፕ ቻርት በፕላስተር ቀጣጥለን አነጠፍን፣ ተራው የአንዲት መንዝ የተወለዱ እናት ሲደርስ ወረቀቱን አየት አርገው "ኧረ ልጆቼ፣ በቁሜ አትገንዙኝ" አሉ። ሌሎቹም እግራቸውን ሰበሰቡ። ከነሱ መሀል እኮ ዘመዱን ሳይገንዝ ሸሽቶ የመጣ አለ።

ወረቀቱን አንስተን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው፣ ቆመው ተሰመረላቸው። ቀለም ስንሰጣቸው ደረቱንም ሆዱንም ባዶ ትተው እጆቹን ብቻ ቡኒና ቀይ አርገው ሞሉ። ባልደረባዬ ደረቱ ለምን ባዶ ሆነ ልትል ስትል በአይኔ ከለከልኳት፣ ሰው ያልተናገረውን እኛ ልንተረጉምለት አይገባም። "እማማ፣ እነዚህ እጆች ምን ይሰሩ ነበር?" ብቻ አልኩ። መልስ የለም፣ ቁጭ አሉና ቀኝ እጃቸው በባዶ ጭናቸው ላይ እንዝርት ማሾር ጀመረ። ለካ የበግ ጸጉር ፈታይ ነበሩ፣ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ። አጠገባቸው ያለችው ተከተለቻቸው፣ ከዛ ሌላዋ፣ ከዛ ሁሉም በባዶ እጅ መፍተል ሆነ፣ ትከሻቸው ሲላላ ትንፋሻቸው ሲረጋጋ በአይን ይታያል። ማሪያን ቼስ የምትባል ዳንሰኛ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ዋሽንግተን ሴንት ኤልዛቤትስ ሆስፒታል የአእምሮ ታማሚዎችን እንዲህ ነበር የምትቀርበው፣ እንቅስቃሴያቸውን ተቀብላ አብራቸው በመንቀሳቀስ። እኛ ጋ ግን ማንም አላዘዘውም።

ከዛ እማማ ስለ ክሩ ማውራት ጀመሩ፣ ስለ ቤታቸው፣ ኋላ ላይ ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው። ስለደረሰባቸው ነገር አላነሱም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ለእንቅልፉ ጤና ጣቢያ ላክናቸው፣ ስዕልና እንቅስቃሴ ህክምናን ይተካል ከሚል ሰው ጋ አልስማማም።

አሁን የምንጀምረው በቁም ነው፣ መተኛት የፈለገች ትተኛለች። ወረቀቱም የባለቤቱ ነው፣ ለሪፖርት ፎቶ ላኩልን ሲሉኝ አልልክም።