«ይሄ ይጻፋል?»

አርብ ከሰዓት ነው። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ኮሪደሩ ላይ የሚቀረውን ዝምታ ድሮ እወደው ነበር፤ ዛሬ ከበደኝ። የተቀመጥኩት ስለ ዝምታው ልጽፍ ነው። ምናልባት ድካም ይሆናል። ሳምንቱ ረጅም ነበር፤ ያላለቁ ሦስት የተማሪዎች የሥነ ልቦና ምዘና ሪፖርቶች ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ፣ አንዱን ትናንት ማታ በኤአይ አስረቀቅኩት።

የከበደኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ልጁ ብዙ አልልም፤ እንዳይታወቅም አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምልክቶችን እያዩ መገልበጥ የሚጠይቀውን ፈተና ስንሠራ ላጲስ ፈለገ። እዚያ ፈተና ላይ ላጲስ አይሰጥም። «እንዳለ ተወውና ቀጥል» አልኩት። ቀጠለ፤ ግን እያንዳንዷን ምልክት እስክታምርለት ይደጋግማታል፣ በመሐል ቀና እያለ ፊቴን ያያል። ሰዓቱ አለቀ። ውጤቱ 78 ሆነ። አማካዩ 100፣ መደበኛ ልዩነቱ 15 በሆነበት ሚዛን፣ 78 ማለት ከ100 እኩዮቹ 93 ያህሉ ይቀድሙታል ማለት ነው።

ስሙን ሰርዤ ውጤቶቹንና ማስታወሻዬን ለኤአይው ሰጠሁት። ወዲያው ሁለት ገጽ መለሰልኝ። ለእናቱ የሚሆነው ክፍል እኔ ከምጽፈው ይሻላል። እኔ በሙያ ቃል የማልፈውን እሱ አንዲት እናት አንብባ በምትረዳው ቋንቋ አስቀምጦታል። ይህን አልክድም። ብዙ ወላጆች ሪፖርታችንን ይዘው የሚወጡት ሳይገባቸው ነው፤ ላለማፈር ብለው «ገብቶናል» ይሉናል እንጂ። ያንን የሚያቃልል ነገር ከመጣ አልገፋውም።

ግን «መረጃን ለማቀናበር ጊዜ ይወስድበታል» ይላል። ቀርፋፋ ነው ማለቱ ነው፣ በጨዋ ቋንቋ። ይህ ልጅ ፈሪ እንጂ ቀርፋፋ አይደለም። ስህተቱ ወረቀት ላይ እንዲቀርበት አይፈልግም። የላጲሷን ነገር ማስታወሻዬ ላይ አላሰፈርኳትም ነበር፤ ታዲያ ከየት ያምጣት? ሪፖርቱን ራሴ ብጽፈው ኖሮ 78 ላይ ስደርስ እቆም ነበር። እንዴት ተቀምጦ ነበር፣ ምን አለኝ፣ ለምን ቀና ቀና ይል ነበር እያልኩ አስብ ነበር። ያ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚበላኝ፣ ሁሌ የማማርርበት ጽሑፍ ለካ ልጁን የማውቅበት ሰዓት ነበር።

ዝቅ ብሎ ደግሞ «ጥሩ ችሎታ ያለው ቢሆንም አዲስ ነገር ሲገጥመው በራስ መተማመኑ ይቀንሳል» የሚል አለ። ልክ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ምን እንደታየኝ እንጃ፣ የሌላ ተማሪ ፋይል ከፍቼ ዓረፍተ ነገሩን እሷን እያሰብኩ አነበብኩት። ለእሷም ልክ ሆነ። ለሦስተኛውም ሆነ። በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር 39 ተማሪዎቹን የባሕርይ መጠይቅ ካስሞላ በኋላ ለሁሉም ያንኑ አንድ መግለጫ ሰጣቸው። እያንዳንዱ ለብቻው የተጻፈለት መስሎት ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ ከ4 በላይ ሰጠ። ተማሪ ሳለሁ ይህን ስማር የኮከብ ቆጣሪዎች ጉዳይ አድርጌ ነበር የያዝኩት። በሪፖርቴ በኩል ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ይሄ ግን ይታረማል፤ አርሜዋለሁም። ላጲሷን አስገባሁ፣ ለማንም የሚሆነውን ዓረፍተ ነገር አወጣሁ።

የማይታረመው ሌላ ነው። ከፈተናው በኋላ ስናወራ ስለ ቤታቸው አንድ ነገር ጀመረና ድንገት አቋረጠ። «ይሄ ይጻፋል?» አለኝ። አደጋ ላይ ያለ ልጅ ሲያጋጥመኝ የማልደብቀው ነገር እንዳለ ከመጀመሪያው ቀን ነግሬዋለሁ። ስለዚህ «ሪፖርቱ ላይ የሚገባውን አሳይሃለሁ፤ ሌላው ማስታወሻዬ ላይ እኔ ጋ ይቀራል» አልኩት። አመነኝና ነገረኝ። አደጋ ያለበት ነገር አልነበረም፤ ለእሱ ግን ከባድ ነበር።

ትናንት ማታ ኤአይው ላይ የለጠፍኩት ያንን ማስታወሻ ነው።

ስም የለውም እላለሁ። ግን ዕድሜ፣ ክፍል፣ የወንድምና የእህት ብዛት፣ አንድ ያልተለመደ የቤት ታሪክ፣ እነዚህ ሲደመሩ ለሚያውቀው ሰው ከስም አያንሱም። ደግሞስ ስም ባይኖረውም እኔ ጋ ቀርቷል?

ጆሴፍ ዋይዘንባም ትዝ አለኝ። በ1966 ኤምአይቲ ሆኖ ኤላይዛ የምትባል፣ የሰውን ንግግር እየገለበጠች መልሳ የምትጠይቅ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ፕሮግራሟን ሲሠራ ለወራት ያየችው ጸሐፊው ከኤላይዛ ጋር ጥቂት ተጻጽፋ ሳለ ከክፍሉ እንዲወጣላት ለመነችው። ከማሽኑ ጋር ብቻዋን መሆን ፈልጋ። እሱ ደነገጠ፤ ቀሪ ዕድሜውንም ከዚህ ነገር ሰውን ሲያስጠነቅቅ ኖረ። እኔም ታሪኩን ስሰማ የማዝነው ለሴትዮዋ ነበር፣ የተታለለች መስሎኝ። ዛሬ ሳስበው እሷ ቢያንስ ለማን እንደምትናገር ታውቅ ነበር። ሚስጥሯ ነው፣ የት እንደሚሄድ የወሰነችው ራሷ ናት። ይህ ልጅ ግን ማሽን መኖሩንም አያውቅም። የመረጠው እኔን ነበር።

ሰኞ እንገናኛለን። ሪፖርቱን ሳሳየው ላጲሷን ያገኛታል፤ ያየሁለት መሆኑን ሲያውቅ ደስ የሚለው ይመስለኛል። ስለ ማስታወሻው ብነግረው ግን ከእንግዲህ ለማንም ትልቅ ሰው አፉን ላይከፍት ይችላል፣ ይህ ልጅ ደግሞ ለመናገር ስንት ወር ፈጀበት። ዝም ብልስ? ዝምታዬ የሚጠቅመው እሱን ነው ወይስ እኔን?

የቀሩትን ሁለት ተማሪዎች ማስታወሻ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ሪፖርታቸውን በእጄ ልጽፍ ነው። እሱን ግን ልንገረው?