የወንዛችን ዓሣ

ሌሊቱን እንቅልፍ ስላልወሰደኝ፣ ዛሬም የሥራ ፈረቃ ስላልነበረኝ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ በአሜሪካ ከምኖርባት ከዴንቨር ከተማ ተነሥቼ ወደ ክሊር ክሪክ ሸለቆ ወጣሁ። ውኃው በግራና በቀኝ በቆመው ገደል መካከል ይንደረደርና ከትልልቅ አለቶች ጀርባ ብቻ ጥቂት ይረጋል፤ ዓሣውም ጉልበቱን ሳይጨርስ ወራጁ የሚያመጣለትን ነፍሳት የሚጠብቀው እዚያው ነው። ከላባና ከክር የተሠራችውን ዝንብ ደጋግሜ ስወረውር ቆይቼ ተስፋ ወደ መቁረጡ ስቃረብ ክሩ ድንገት ተወጠረ።

ቡናማ ትራውት ነበር፤ ከስንዝር እምብዛም አይበልጥም። ደረቅ እጅ ገላውን የሚጠብቀውን ልጋግ ስለሚገፈው፣ እጄን በውኃ አርሼ ያዝሁት። ሆዱ የቅቤ መልክ አለው፤ በጎኑ ላይ ያሉት ቀያይ ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው በፈዘዘ ቀለበት ተከብበዋል። በማርቢያ ገንዳ ያደገ ዓሣ ብዙ ጊዜ ክንፉ ተፍቆ ይጎድላል፤ የዚህኛው ግን ሙሉ ነው። የዚህ አገር ሰዎች እንዲህ ያለውን «የዱር» ይሉታል። በእኛ ዘንድ ዱር የአውሬ ነው፤ ለማዳ ዓሣ ስላላወቅን የዱር ዓሣ የምንልበት ምክንያትም አልነበረንም።

ጋሼ ይህንኑ ዓሣ ባሌ፣ ዲንሾ አጠገብ፣ ከወይብ ወንዝ ሲያወጣ «የወንዛችን ዓሣ» ይለው ነበር። በንጉሡ ዘመን ከኬንያ የመጣ መሆኑን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ለጋሼ ሳልነግረው አለፈ። ወደ አሜሪካም እንቁላሉ ከጀርመን በመርከብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። ስደተኛ ብዬ እንዳልጠራው፣ ስደተኛ በራሱ እግር ይመጣል፤ ይህን ግን ገና ሳይፈለፈል ሰው አመጣው።

የዚህ ወንዝ ነባር ዓሣ ሌላ ነው፤ ግሪንባክ ይባላል፣ ከመንጋጋው ሥር ቀይ ሰረዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1859 የጀመረው የወርቅ ቁፋሮ ውኃውን መረዘው፤ ከውጭ የመጡት ትራውቶች ደግሞ ቦታውን ወሰዱበት፤ በ1937 ጠፍቷል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የዘር ምርመራ ንጹሑን ግሪንባክ በአንዲት ጅረት ብቻ አገኘው፤ ያችም ጅረት የትውልድ ቦታው አልነበረችም። ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሰው ካገሩ አውጥቶ እዚያ ስለጨመረው ነው ዘሩ የተረፈው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ዓሣውን ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሬ፣ ስንጥቡ በደንብ መተንፈስ እስኪጀምር ድረስ ደግፌው እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ከእጄ መቼ እንደወጣ ግን አላስተዋልሁም። ሁልጊዜ ስለቅቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ በሌላው ቤት የሚኖረውን ወደዚያው ቤት መመለሴ ከበደኝ፤ ይዤው ልመጣም አልጨከንሁም። ጋሼ ይህን ሁሉ ቢሰማ ኖሮ «የወንዛችን» ያለውን ቃል ያነሣበት ነበር ይሆን?