አንድ ወንፊት ሙሉ ሙሽሬ የቀበርኩበት ቀን

ቃሉ ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ብዙም ሳይርቅ፣ የሐር ትል በሚረባበት ቦታ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው። የምናረባው የጉሎ ቅጠል የሚበላውን፣ ኤሪ የሚባለውን ዝርያ ነበር። ለዘር የተለዩት ኮኩኖች ሦስት ወንፊት ላይ ተደርድረዋል። ኮኩን ትሉ ራሱ ፈትሎ የሚገባበት የሐር ቤት ነው። ቢራቢሮ እስኪሆን ድረስ ሙሽሬ በሚባለው የመሸጋገሪያ ደረጃ ላይ ሆኖ እዚያ ውስጥ ይተኛል።

ሰሞኑን ሙቀቱ በርትቶ ነበር። በሽታ እንዳይገባ ሰግቻለሁ። አንዱን ኮኩን ከፈትኩና ሙሽሬውን በምላጭ ሰነጠቅኩት። ክሬም የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ወጣ። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛውም ያው። በስብሷል ብዬ ደመደምኩ። ማንንም ሳልጠይቅ አንዱን ወንፊት ጉድጓድ ውስጥ ደፍቼ አፈር መለስኩበት።

እትዬ ከምሳ ተመለሱ። ከሁላችንም በላይ ትሉን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«ሦስተኛው ወንፊት የት ሄደ ልጄ?»

ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ከቀሩት አንዱን ሙሽሬ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡና ጭራውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ሙሽሬው ወገቡን ግራና ቀኝ አወዛወዘ።

«የሞተ ይጠቁራል፣ ይገማል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ይሄ ነፍስ አለው።»

«ውስጡ ግን ፈሳሽ ነው እኮ እትዬ።»

«ታዲያ ሊጥ አይተህ እንጀራው ተበላሸ ትላለህ?»

ጉድጓዱን አብረን ቆፈርን። ጥቂቱን አተረፍን፣ አብዛኛው ተጨፍልቆ ነበር።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ግን ያ ውዝዋዜ ነው። ሁሉም ነገር ከቀለጠ ወገቡን ያወዛወዘው ማን ነው? ትምህርት ቤት የነገሩን ትሉ ቀልጦ እንደ አዲስ ይሠራል ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ለካ ሁሉም አይቀልጥም። የትሉ ስብና ብዙው ጡንቻው ይፈርሳል። እኔ ያየሁት ፈሳሽ እሱ ነው። አንጎሉና ዋናው የነርቭ መስመር ግን በቦታው ይቆያል። የሆድ ጡንቻዎቹም ቢራቢሮው ከኮኩን እስኪወጣ አይሞቱም።

የዚህን ለውጥ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ኤክዳይሰን የሚባል ሆርሞን ነው። ጀርመኖቹ ቡተናንትና ካርልሰን በ1954 እ.ኤ.አ. ከ500 ኪሎ የሐር ትል ሙሽሬ ያጠሩት 25 ሚሊግራም ብቻ ነበር። ኮኩን የሚለቅም ሰው ይህ ምን ያህል ልፋት እንደሆነ ይገባዋል።

ሆርሞኑ በደም ሁሉም ሴል ጋ ይደርሳል። ሴሎቹ ግን አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ያድጋል፣ አንዱ ቅርንጫፉን ይጥላል። በደንብ የተጠናው በፍራፍሬ ዝንብ ነው። የዝንቧ አንጎል ውስጥ፣ ለትውስታ በሚያገለግለው ክፍል፣ ጋማ የሚባሉ ነርቭ ሴሎች አሉ። የእጭነት (የትልነት) ዘመን ቅርንጫፎቻቸው ሙሽሬ በሆነች በ18 ሰዓት ገደማ ይወገዳሉ። የሴሉ አካል ግን አይሞትም። በኋላ ለበራሪዋ ዝንብ የሚሆን አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። ቡና ሲጎነደል ጉቶው እንደሚያቆጠቁጠው ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የጎረቤቶቹ ነገር ነው። ነርቭ ሴሉ ሆርሞኑን ለመስማት ተቀባይ ያስፈልገዋል። ያንን ተቀባይ በበቂ መጠን እንዲያዘጋጅ ምልክት ከሚልኩለት መካከል ግሊያ የሚባሉት አጎራባች ሴሎች አሉ። ምልክቱ ከተቋረጠ ሆርሞኑ ቢኖርም አሮጌው ቅርንጫፍ ሳይነሳ ይቀራል። ቅርንጫፉ ሲወድቅ ስብርባሪውን እየዋጡ የሚያጸዱትም እነዚሁ ግሊያዎች ናቸው።

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ አለ። የትምባሆ ቅጠል የሚበላ ትል አንድን ሽታ እንዲሸሽ በኤሌክትሪክ ንዝረት ተማረ። በመጨረሻው የእጭነት እርከን ላይ የተማሩት ቢራቢሮ ሆነውም ሽታውን ሸሹ። ገና በትንሽነታቸው የተማሩት አልሸሹም። ይህን ሳነብ የደፋሁት ወንፊት ፊቴ ላይ መጣብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሽሬ በምላጭ ነክቼ አላውቅም። ጭራውን እነካለሁ፣ ክብደቱን እመዝናለሁ፣ አሸታለሁ። ከተጠራጠርኩ እትዬን እጠራለሁ።

የቀሩት ሁለት ወንፊቶች አንድ ማለዳ መውጣት ጀመሩ። እትዬ ቡናውን ጥደው ሳለ ጠሩኝ። ቢራቢሮዎቹ ኮኩኑ ላይ ተንጠልጥለው የተጨማደደ ክንፋቸውን ቀስ በቀስ ይዘረጋሉ። አቦሉ እስኪቀርብ ድረስ ሁለታችንም ቆመን አየናቸው።