ባዮስ ማሻሻያው መሃል ላይ ሲቋረጥ

አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን ሶፍትዌር) እያሻሻላችሁ መብራት እልም አለ እንበል። ሲመለስ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ቦርዱን ጠቅልላችሁ ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ ወዳለ ጠጋኝ ከመሮጣችሁ በፊት ረጋ በሉ። በአብዛኛው የተበላሸው ስምንት እግር ባላት አንዲት ቺፕ ላይ የተጻፈው ሶፍትዌር ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

መጀመሪያ በእርግጥ መክሸፉን አጣሩ። ዲዲአር5 ራም የሚወስዱ ቦርዶች፣ በተለይ የኤኤምዲ ኤኤም5ዎቹ፣ ከማሻሻያ በኋላ ራሙን እንደ አዲስ ይፈትሻሉ። በዚህ ጊዜ ቦርዱ ላይ ያለችው ዲራም የምትል ትንሽ መብራት በርታ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ባዶ ይቆያል፤ አራት ራም ከተሰካ ደግሞ ይብሳል። 15 ደቂቃ ሳይታገሡ አጥፍቶ ማብራት ሥራውን ከሀ ያስጀምረዋል። ምንም ከሌለ ገመዱን ነቅላችሁ ሲአር2032 ባትሪውን አውጡና ክሊር ሲሞስ የሚባሉትን ሁለት እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ ለ10 ሰከንድ አገናኙ። ይህ ግን ቅንብሩን ነው የሚያጠፋው፤ የተበላሸ ባዮስ አይጠግንም።

ቀጥሎ ከቦርዱ ጀርባ ባዮሱን ከፍላሽ ላይ እንደ አዲስ የሚጽፍ ፍላሽባክ የሚል ቁልፍ ፈልጉ፤ ጊጋባይት ኪው ፍላሽ ፕላስ ይለዋል። ፕሮሰሰርም ራምም ሳይኖር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ባለ 24 እግሩ የፓወር ገመድና የፕሮሰሰሩ ባለ 8 እግር ገመድ ብቻ ነው። እስከ 32 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ በፋት32 ፎርማት አድርጉ። ከአምራቹ ድረ ገጽ ያወረዳችሁትን የባዮስ ፋይል ከዚፕ አውጡና ኤምኤስአይ ከሆነ «ኤምኤስአይ.ሮም»፣ አስሮክ ከሆነ «ክሪኤቲቭ.ሮም»፣ ጊጋባይት ከሆነ «ጊጋባይት.ቢን» ብላችሁ በላቲን ፊደል ሰይሙት። አሱስ ከፋይሉ ጋር በሚልከው ባዮስ ሪኔመር ስሙን ራሱ ይቀይረዋል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያ ስለሚደብቅ «.ሮም» ሁለቴ ይጻፍና ቦርዱ ፋይሉን አያገኘውም። የቦርዱን ሞዴል ብቻ ሳይሆን ጥግ ላይ የታተመውን የሪቪዥን ቁጥርም አመሳክሩ። ፍላሹን ምልክት ባለበት ዩኤስቢ ሰክታችሁ ቁልፉን 3 ሰከንድ ያህል ተጫኑ። መብራቷ ብልጭ ድርግም ካለች ሥራ ላይ ነች። ወዲያው ቆማ ከቀረች ግን ፋይሉን ወይም ፍላሹን አልወደደችውም፤ ሌላ፣ በተለይ አሮጌ ዩኤስቢ 2.0 ፍላሽ ሞክሩ።

ቁልፉ የሌለው ቦርድ ከሆነ ፕሮግራመር (ከሌላ ኮምፒውተር ባዮሱን በቀጥታ ቺፑ ላይ የሚጽፍ ትንሽ መሣሪያ) ግድ ነው። ሲኤች341ኤ የሚባለው ርካሽ ነው፤ ቺፑን ከሚነክሰው ክሊፕ ጋር ይሸጣል። የምንፈራው ቮልቴጁን ነው። ጥቁሩ ሲኤች341ኤ ለ3.3 ቮልት ቺፕ ተብሎ ይሸጥ እንጂ በዳታ መስመሮቹ ላይ 5 ቮልት ይልካል። ቺፑ 1.8 ቮልት ከሆነ ያለ አዳፕተር መንካት ቺፑን መግደል ነው። ለምሳሌ የዊንቦንድ 25ኪው128 መጨረሻው ኤፍቪ ወይም ጄቪ ከሆነ 3.3፣ ኤፍደብልዩ ወይም ጄደብልዩ ከሆነ 1.8 ቮልት ነው። ቺፑ ላይ ያለው ጽሑፍ ካልተነበበ በስልካችሁ አጉልታችሁ ፎቶ አንሱት።

ፓወር ገመዱንና ባትሪውን ነቅላችሁ የክሊፑን ቀይ ሽቦ ነጥብ ካለባት የቺፑ እግር ጋር አሰልፉ። ሳትጽፉ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቡና ፋይሎቹን አወዳድሩ። ከተለያዩ ወይም ሁሉም ኤፍኤፍ (ባዶ ንባብ) ከሆነ ክሊፑ አልያዘም፣ አለዚያም ቦርዱ የፕሮግራመሩን ኃይል እየሳበው ነው። ያነበባችሁትን አትጣሉት፤ የኔትወርኩ ማክ አድራሻና የቦርዱ ሲሪያል ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ናቸው። የ128 ሜጋቢት ቺፕ ልክ 16,777,216 ባይት ይይዛል። የአሱስ ካፕ ፋይል ከፊቱ ተጨማሪ ራስጌ ስላለው ከዚህ ይበልጣል፤ ራስጌውን ዩኢኤፍአይ ቱል በሚባል ፕሮግራም ሳትቆርጡ ብትጽፉት ቦርዱ አይነሳም።

ለቀጣዩ ማሻሻያ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ይኑር። ባዮስ ገጽ ላይ ያለ ኮምፒውተር ብዙ ኃይል ስለማይበላ 650 ቪኤ ይበቃል፤ ባትሪው ግን ያረጃልና ቀድማችሁ ከግድግዳው ነቅላችሁ ፈትኑት።

ቦርዱ ተነስቶ ዊንዶውስ እምቢ ካለ ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ይሆናል፤ ቦርዱ ዲስኩን የሚያነብበት ሁኔታ ቀድሞ ኤኤችሲአይ ነበር ወይስ ሬይድ፣ እሱን እዩ። ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ከጠየቀ ደግሞ በስልካችሁ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ግቡ፤ እዚያ ከተቀመጠ ታገኙታላችሁ።