ከጥፋቱ በኋላ ጓሳ ላይ

ዓለም ከፈረሰ በኋላ ረግረግ ላይ ስለሚሰፍሩ፣ ግማሽ ጎናቸው ሰው፣ ግማሽ ጎናቸው አውሬ ስለሆኑ ድቅል ሰዎች የሚጽፍ ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ጅራትና ስለ ጥርስ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣና ሣሩን ማን፣ መቼ እንደሚያጭደው ነው። ሰፈሩ የሚቆመውም የሚፈርሰውም በዚህ ነው።

ቦታው ለእኔ ከመንዝ አይወጣም። በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ያለው ጓሳ የተባለው የደጋ ሣር ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። በምሥራቅ በኩል አፋፉ ላይ ሲደርሱ መሬቱ ተቆርጦ ቆላው ከታች ይታያል፤ በምዕራብ ደግሞ ወደ ጀማ ወንዝ ያዘነብላል። ከዚያ ጨፌ፣ ማለትም ከረግረጉ፣ የሚነሣው ውሃ ወደ አዋሽም ወደ ዓባይም ይወርዳል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰዎች ጨፌውን ካደረቁት በሁለቱም በኩል የተጠማ ሰው ዱላውን ይዞ ይወጣባቸዋል። ታሪኩ የውጭ ጠላት መፈልሰፍ አያስፈልገውም።

ወገኖቹንም ከዚያው ከመሬቱ እወስዳለሁ። የጭላዳ ወገን ሣር በል ነው፤ ቀን ሜዳው ላይ ተቀምጦ ሲነጭ ይውልና ሲመሽ ገደል ላይ ይተኛል። ጨፌው መሀል ያማረ ቤት ቢሠሩለት አያድርበትም። በመሆኑም ሰፈሩ ሁለት ነው፤ የቀኑ በጨፌው ዳር፣ የሌሊቱ በአፋፉ። የቀበሮ ወገን ቀን ለቀን አይጥ አዳኝ ነው። ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው። መንጋው የሚታገሠው በመሀሉ ቀስ ብሎ ስለሚሄድና ግልገል ስለማይነካ ነው። ይህን ውል ማንም አልጻፈውም፤ በሰፈሩ ግን የመጀመሪያው ሕግ መሆን አለበት። ሁለተኛው ሕግ የፍልፈል ወገንን ይመለከታል። አይጥ ማደን የተፈቀደ ነው፤ ፍልፈል ማደን ግን ዘመድን መግደል ነው።

የእንቁራሪት ወገን ከሁሉም ይከብደኛል። በቆዳቸው ጭምር ስለሚተነፍሱ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ሰውነታቸው ውስጥ ይገባል። አመድ፣ ሳሙና፣ ጨው፣ የእንዶድ አረፋ ለሌላው እድፍ ነው፤ ለእነሱ መርዝ ነው። ጭስም አይችሉም። ውርጭ በሚበረታበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደግሞ ፀሐይ ሳትሞቅ ሰውነታቸው አይታዘዝም፤ የማለዳ ሥራ ለእነሱ የደለደለ አለቃ ሰፈሩን አያውቀውም ማለት ነው። ልጆቻቸው ጭራ ያላቸው ሳሉ የሚያድጉበት ኩሬ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ከዚያ ካነሰ ሌሊት ላይ ላዩን የሚጋግረው በረዶ ወደ ታች ቅዝቃዜ ይሰድዳል፤ በቀን ደግሞ የደጋ ፀሐይ ውሃውን ቶሎ ያሞቀዋል።

አሁን ወደ መሬቱ። ብዙ ሰው የጓሳ ሣር ረግረግ ውስጥ የሚበቅል ይመስለዋል። የጓሳ ሣር ውሃ የተኛበትን አይወድም፤ ቦታው ተዳፋቱና ጉብታው ነው። ረግረጉን የሚሞላው እንግጫና መሰሎቹ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ውሃውን ገድቦ ከፍ ማድረግ ለቤት ክዳን የሚታጨደውን የጓሳ ሣር ያሰጥማል፤ ቦይ ቀዶ ዝቅ ማድረግ ደግሞ እንግጫውን ያደርቅና ለጨረንፌ ቁጥቋጦ ቦታ ይለቃል። ጥቁሩ አፈር ለረጅም ዘመን ሳይበሰብስ የተጠራቀመ ሥርና ቅጠል ስለሆነ ከደረቀ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ እሳት ከገባበት ከሥር እየጨሰ ይነድዳል። መልሶ ውሃ ቢለቀቅበት እንደ ቀድሞው አይጠጣም። የፍልፈል ወገን በዚህ ላይ የሰፈሩ ታላቅ ሀብትም ታላቅ ስጋትም ነው። ቦይ የሚቀድ እንደነሱ የለም፤ ግን ለመኝታ የቆፈሩት ጉድጓድ ከጨፌው ጠርዝ ጋር ከተገናኘ ውሃው ሳይታይ በሱ በኩል ያልቃል። ጉድጓዳቸው ከውሃው ጠርዝ ቢያንስ 30 እርምጃ ይራቅ እላለሁ።

ቤቱ ላይ የመንዝ ሰው እጁ ወደ ድንጋይ ይሄዳል፤ ልክም ነው፣ ብርዱን የሚመክተው እሱ ነው። ሆኖም 5 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ የድንጋይ ግድግዳ ወደ 19 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ክብደቱ 40 ቶን ይደርሳል። ጨፌ ላይ ከቆመ በመጀመሪያው ክረምት በአንድ ጎኑ ይሰምጥና በሩ አልዘጋ ይላል፤ በሁለተኛው ግድግዳው ይሰነጠቃል። የድንጋይ ቤት ለጉብታዎቹ ይቅር። ጨፌው ላይ የሚሠራው ቤት መደቡ አስታ ከሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ጭራሮ ነው። እያንዳንዱ እስር 3 ሜትር ርዝመትና 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት ሦስት ቦታ በጓሳ ገመድ ይታሰራል። 7 ሜትር ስፋት ላለው መደብ በአንድ ድርድር 43 ያህል እስር ይገባል። ሁለተኛው ድርድር በመጀመሪያው ላይ ተሻግሮ፣ ሦስተኛው እንደገና በሁለተኛው ላይ ተሻግሮ ይነጠፋል፤ በጠቅላላው 130፣ ለጠርዙ ብክነት 10 ተጨምሮ 140። ዙሪያውን በየግማሽ ሜትሩ ችካል ይመታል፣ 44 ይበቃል።

እዚህ ላይ መሳሳት ቀላል ነው። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለ እንጨት አየር ስለማያገኝ ብዙ ዘመን ይኖራል። አንዴ የሚረጥብ አንዴ የሚደርቅ እንጨት ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሦስተኛው ድርድር በበጋው ዝቅተኛ ውሃ ልክ ከውሃው በታች መቅረት አለበት። ከዚያ በላይ ያለው ከፍታ ጠፍጣፋ ድንጋይና ከጨፌው ከነሥሩ ተቆርጦ የተነሣ የሣር ጡብ ይሁን። መደቡ በመጀመሪያው ዓመት ይወርዳል፤ አንድ ክንድ ትርፍ ከፍታ ያልተወለት በክረምት ወለሉ ላይ ውሃ ያገኛል። ግድግዳው ሁለት ረድፍ ማገር ነው፣ በየረድፉ 40 ቋሚ። በመሀላቸው ያለው ስንዝር ክፍተት በደረቅ ሣር ይጠቀጠቃል፣ ከውስጥ በጭቃና በእበት ይመረጋል። ሣሩ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀጠቀ በውስጡ ይሞቅና ይሻግታል፤ ሽታውም አይለቅም።

አስታ ቶሎ አያድግም። 140 እስር ለአንድ ቤት ከሆነ የሰፈሩን 60 ቤት ሁሉ ጨፌው ላይ መሥራት ተራራውን መላጨት ነው። እኔ 12 መደብ ብቻ እፈቅዳለሁ፤ እነሱም ውሃ ለግድ ለሚያስፈልጋቸው ለእንቁራሪት ወገን ይሁኑ። ሌላው በጉብታና በዳር ይስፈር።

ክዳኑ ከ45 ዲግሪ ያላነሰ ተዳፋት ይፈልጋል፤ ካነሰ ዝናቡ ከመንሸራተት ይልቅ ሰርጎ ይገባል። 5 ሜትር ስፋት ላለው ቤት ከግማሽ ሜትር ክፈፍ ጋር የጣራው ገጽ ወደ 40 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር 10 ነዶ ቢታሰብ 400 ነዶ ማለት ነው። ጭስ የጠገበ ክዳን ተባይም ብስባሽም ስለማይደፍረው 10 ዓመት እሰጠዋለሁ። እሳት የማይነድበት የእንቁራሪት ወገን ቤት ክዳን ግን የዚያን ግማሽ ቢቆይ ነው። 48ቱ በየ10 ዓመቱ፣ 12ቱ በየ5 ዓመቱ ቢታደሱ ሰፈሩ በዓመት 7 ቤት ያህል ይከድናል፤ 2,800 ነዶ። ገሳው፣ ገመዱና መጥረጊያው ሳይቆጠር። ይህን ሁሉ በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ማጨድ ሣሩን ከሥሩ ይጨርሰዋል።

መልሱን የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። በቀሮ ሥርዓት ጓሳ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ የሥርዓቱ አለቃ በሆነው በአባ ቀራው ፈቃድ ይከፈታል፣ መጀመሪያ ይታጨዳል፣ ከብት የሚገባው ከአጨዳው በኋላ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ተመልሶ ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን እስኪያፈርሰው ድረስ ጓሳን ጓሳ አድርጎ ያቆየው ይህ ነው። በምናብ ሰፈር ውስጥ ከውጭ የመጣ የመማክርት ጉባኤ ሲቀመጥ ሳይ አዝናለሁ፤ ከእግራችን ሥር ያለ ሕግ አለን። ተዳፋቱ ሦስት ቦታ ይከፈል፣ በየዓመቱ አንዱ ብቻ በየካቲት ይከፈት።

ትልቁ ፈተና ግን ቀንድ አውጣዋ ናት። በደጋ ጨፌ የሚግጥ ሁሉ የጉበት ትል ያሰጋዋል። እንቁላሉ ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ ጥልቀት በሌለው ጭቃ፣ የእግር ኮቴ ባቆረው ውሃ ሳይቀር፣ የምትኖረዋ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከሷ ወጥቶ ከሣሩ አገዳ ላይ ይጣበቅና ከበላው ጋር ወደ ጉበት ይሄዳል። የጭላዳ ወገን ሣር በል ነውና መጀመሪያ የሚከሳውና ሆዱ የሚነፋው እሱ ነው። ከጥፋቱ በኋላ ክኒን የለም። ያለው እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነበር፤ እንዶድን ለቢልሃርዝያ መከላከያነት ማጥናት የጀመሩትም በዚያ ነው። ይኸው እንዶድ ግን ዓሣንና የእንቁራሪት ልጅንም ይገድላል። የአንዱን ወገን ጉበት የሚያድነው መድኃኒት የሌላውን ወገን ሕፃናት ያጠፋል። ሰፈሩ በእውነት የሚፈተነው እዚህ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ግጭት ለታሪኩ አይገኝም።

እኔ ወደ እንዶድ ከመሄዴ በፊት ሌላውን አሟጥጣለሁ። መጸዳጃው ከጨፌው በታች ይሁን እንጂ በላይ አይሁን። ሣር ሲታጨድ ከውሃው ልክ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይቆረጥ፤ ትሉ የሚጣበቀው በአብዛኛው ከታች ነው። የታጨደው በፀሐይ ተገለባብጦ በደንብ ሳይደርቅ ለምግብ አይቅረብ። መሻገሪያው በድንጋይ ይነጠፍ፤ የኮቴ ጉድጓድ ከሌለ ቀንድ አውጣዋ ግማሽ ቤቷን ታጣለች። ይህ ሁሉ ካልበቃ እንዶድ በተዘጋ ቦይ ብቻ ይደረግ። የቦዩ ሁለት ጫፍ በዋልካ አፈር ይደፈናል፣ የእንቁራሪት ወገን እናቶች ቦዩን በእጃቸው ዳብሰው ልጅ አለመቅረቱን ያረጋግጣሉ፣ ደቃቁ እንዶድ ይበተናል፣ ውሃው ለሳምንት አይለቀቅም። ከመለቀቁ በፊት ጭራ ያላት አንዲት ተራ እንቁራሪት በቅል ውሃ ውስጥ ትፈተን፤ እስከ ማግስቱ ከዋኘች ይከፈታል። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ቀንድ አውጣዋ ደረቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ በጋውን ስለምታሳልፍ ከዝናብ በኋላ መድገም ግድ ነው።

ስለ ውሻ አጭር ነው፤ ወደ ሰፈሩ አይግባ። የውሻ እብደት በሽታ የቀይ ቀበሮን መንጋ እንዴት እንደሚጨርስ የታወቀ ነው፤ የቀበሮ ወገንንም አይምርም። የተነከሰ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ማጠቢያው ከልጆቹ ኩሬ በታች ይሁን። ክትባት በሌለበት ከዚህ በላይ የሚደረግ ነገር የለም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላማ ክትባት ቢኖርም አያድንም።

የሌሊት ጥበቃ ይቀራል። ቀበሮው የቀን ነው፣ ጭላዳው ገደል ላይ ነው፣ እንቁራሪቱ በብርዱ ደንዝዟል። ሌሊት የሚነቃው የጅብ ወገን ነው፤ ብረት ቀጥቃጭም አደርገዋለሁ። ምክንያቱን አገራችን ታውቀዋለች፤ ባለእጆቻችንን ቡዳ እያልን፣ ጅብ ይሆናሉ እያልን፣ ማረሻውን ከሠራልን ሰው ጋር ማዕድ ሳንቆርስ የኖርን ነን። ይህን ስድብ ታሪኩ መድገም የለበትም። የጅብ ወገን ቤት ከመግቢያው በር አጠገብ፣ በጉብታው ላይ ይሁን፤ የዋናው ቦይ መዝጊያ ሳንቃም በእነሱ እጅ ይሁን። ውሃ በሌሊት ከፍ ሲል ሳንቃውን አንድ ስንዝር የሚያነሣው የነቃ ሰው ነው። ከአባ ቀራው ጋር እኩል ድምፅ ይኑራቸው፤ ያለ ሁለቱ ስምምነት ጨፌው አይከፈት፣ ቦዩ አይደፈን። ደንብ ጥሶ ያጨደ 40 ነዶ ለእንቁራሪት ወገን ክዳን ያስገባ፤ ራሱ ተሸክሞ፣ ራሱ ጣራ ላይ ወጥቶ ይክደነው።