የጎረቤት ረብሻ በኪራይ ቤት፦ ምን አደረግኩ፣ ምን ሠራልኝ

ከግድግዳው ወዲያ ሙዚቃ ሲደልቅ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ግድግዳውን ወደ መደብደብ ነው። ያን ያደረገ ተከራይ ግን በማግስቱ እኩል ጥፋተኛ ይሆናል፤ አከራዩ ጆሮ የሚደርሰው «ሁለቱም ይረባበሻሉ» የሚል ወሬ ነውና። እኔ የጀመርኩት ከደብተር ነው።

በደብተሩ የምጽፈው ቀኑን፣ የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት፣ የድምፁን ዓይነትና የሰማሁበትን ክፍል ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ሲረብሹ አደሩ» የሚል መስመር ለማንም አይረባም። «ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡40 እስከ ሌሊቱ 7፡15፤ መኝታ ቤት፣ በርና መስኮት ተዘግቶ፤ የባስ (የወፍራም ድምፅ) ምት፤ ኮመዲኖው ላይ ያለው ብርጭቆ ውስጥ ውኃው ይርገበገባል» የሚለውን ግን ያልነበረበት ሰው እንኳ ያየዋል። እዚያው በሰዓቱ ይጻፍ። ቆይቶ ከትዝታ የተሞላ ደብተር ያስታውቃል፤ ሰዓቱ ሁሉ ድፍን ቁጥር ይሆናል።

የስልክ ቅጂ ላይ ብዙ አትመኩ። ስልኩ ድምፁን በራሱ ስለሚያስተካክል ጩኸቱ ተራ ሙዚቃ መስሎ ይቀራል። የድምፅ መጠንን በዴሲቤል የሚለካ የስልክ መተግበሪያም አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው የሰው ጆሮ በሚሰማበት መጠን በተበጀው በ«ኤ» ሚዛን ስለሆነ ባሱን አሳንሶ ያሳያል። ባሱን ብዙም የማይቀንሰው «ሲ» የሚል ምርጫ ካለው በሁለቱም ለኩ፤ የ«ሲ»ው ቁጥር በ15 ወይም በ20 ከበለጠ ችግሩ ባስ ነው። ቁጥሩ ግን ለራስ መረጃ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ምንጩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ እኔ እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ። በኮንክሪት ሕንፃ ንዝረት በወለሉ ውስጥ ስለሚጓዝ፣ ከላይ የመሰለን ድምፅ ከጎን ሊመጣ ይችላል። ድምፁ እየተሰማ ኮሪደር ወጥቶ በየበሩ አጠገብ ማዳመጥ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን አጠራሁት። የእግር ኮቴ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የቀን ጽዳት ሁሉ ወጣ። ይህ ኑሮ ነው፤ ከተጨመረ አቤቱታው በሙሉ የነገረኛ ይመስላል። የቀረው ሐሙስና ቅዳሜ ሌሊት ብቻ ነበር፣ ለመነጋገር ደግሞ ይህ ይቀላል።

ጎረቤትን ማነጋገር በማግስቱ በቀን ነው እንጂ በረብሻው መሃል አይደለም። የሚጠየቀውም ነገር ትንሽና የሚደረግ ይሁን፦ «እባክህ፣ ስፒከሩን ከግድግዳው አርቀህ ወፍራም የጎማ ንጣፍ ላይ አስቀምጠው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ባሱን ቀንስልኝ።» ጎማው ከስፒከሩ ወደ ወለሉ የሚያልፈውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በአየር የሚመጣውን ባስ ግን አያቆምም። ሁለቱ አብረው የሚጠየቁት ለዚህ ነው።

ካልሆነ ለአከራይ አንድ ገጽ ደብዳቤ፦ ከደብተሩ የተመረጡ ሦስት ሌሊቶች፣ ጎረቤቱ መቼ እንደተጠየቀ፣ ስለ ጸጥታ የሚናገረው የኪራይ ውሉ አንቀጽ፣ ከአከራዩ የሚፈለገው እርምጃና የ14 ቀን የመልስ ጊዜ። በስልክ ከተነጋገራችሁም «ዛሬ እንደተባባልነው» ብላችሁ በጽሑፍ አስከትሉ። የጎረቤቱ አከራይ ሌላ ሰው ከሆነ ለእሱም ቅጂ ይድረሰው። ኪራይ ሳይከፍሉ መያዝ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ውል አፍራሹ እናንተ ትሆናላችሁ።

ዛቻ ወይም ድብደባ ከመጣ ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል ይቀራል። በር ዘግቶ ፖሊስ መጥራት ነው፣ ሽምግልናም አይሞከርም።

ጸጥ ካለ በኋላም ደብተሩን አንድ ወር ቀጠልኩበት፤ ሐሙስና ቅዳሜ ሌላ ሳልጨምር «ጸጥታ» እያልኩ። ረብሻው ቢመለስ ከየትኛው ሌሊት ጀምሮ እንደሆነ በዚያ ይታወቃል።